ከአሥር አንዱ ለምራቂ

ሐሙስ ከሰዓት እህቴ ሀፍሷ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን የምስር ጆንያ ላይ ጣለችና «ወላጅ አምጪ ተብያለሁ» አለች።

እናቴ ለደንበኛ እየሰፈረች ነበር። እጇ ጣሳው ላይ እንዳለ ቀና አለች።

«ምን አጥፍተሽ?»

«ምንም።»

«ለምንም ወላጅ አይጠራም።»

«ኮረጅሽ ብለውኝ ነው። አልኮረጅኩም።»

ሱቃችን እህል በረንዳ አጠገብ ናት። ሦስት ሰው ከገባባት አራተኛው ውጭ ነው የሚቆመው። ምስር፣ ሽምብራና አተር ክክ እንሸጣለን። አባቴ አጎቴ ታሞበት ወራቤ ወርዷል፤ መቼ እንደሚመለስ አልታወቀም። እናቴ ሱቁን ጥላ መሄድ አትችልም። ስለዚህ ሁለቱም እኔን አዩኝ።

«እኔ ወላጅ አይደለሁም» አልኩ።

«ሃያ ሦስት ዓመትህ ነው» አለች እናቴ። «ጢም አለህ። ትሄዳለህ።»

እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀኝ እንኳ ወደ ጣሳው እያየሁ ነው የምመልስለት። ይህን እናቴ ታውቃለች፤ ቢሆንም ፊቷን ወደ ምስሯ መለሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀፍሷ ስድስተኛ ክፍል ናት። የሒሳብ መምህራቸው ማሙሸት ሁለት ሳምንት ሙሉ ግምት ሲያስተምራቸው ቆየና ከሃያ የሚታረም ፈተና ሰጠ። አሥር ጥያቄ ነው፤ መልሱን ብቻ ባዶው ቦታ ላይ መጻፍ። ሲታረም የሀፍሷና አጠገቧ የምትቀመጠው የሙሉብርሃን መልስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሆኖ ተገኘ። ሙሉብርሃን ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ናት። ሀፍሷ አሥራ ዘጠነኛ ነው የምትወጣው። ማን ከማን እንደኮረጀ ክፍሉ ውስጥ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«ሰኞ ሰልፍ ላይ የኮራጆች ስም ይጠራል ብሏል» አለችኝ። «ስሜን ከጠሩት ትምህርት ቤት አልሄድም። ወላሂ አልሄድም።»

«አፍሽን ያዢ!» አለቻት እናቴ።

ሰባተኛ ክፍል በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት እኔም ሰልፍ ላይ ስሜ ተጠርቶ ያውቃል። አርፍጄ ነበር፤ ሌላ ጥፋት አልነበረብኝም። ወጥቼ ባንዲራው ሥር ቆምኩ። ያን ሁሉ ዓይን አየሁት። ሰልፉ ሲበተን ሌሎቹ ወደ ክፍል ሄዱ፤ እኔ ወደ በሩ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም። አባቴ መትቶኛል፣ እናቴ ለምናኛለች፤ ለምን እንደቀረሁ ግን ለእነሱም ለራሴም መናገር አልቻልኩም። ስለዚህ ሀፍሷ «አልሄድም» ስትል የምሯን እንደሆነ ከቤቱ ሰው ሁሉ የገባው ለእኔ ነው።

ዓርብ ጠዋት አብረን ወጣን። በተሸካሚዎቹ መሃል እየተሹለከለክን ወደ አብነት አቅጣጫ ስንሄድ ጥያቄዎቹን ታስታውስ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አንዳንዱን» አለች። «አንድ ጆንያ ምስር ዘጠና ስምንት ኪሎ ነው። አንድ ጣሳ አንድ ኪሎ ገደማ ይይዛል። ጆንያው ስንት ጣሳ ገደማ ይወጣዋል? ይላል።»

«ምን ብለሽ መለስሽ?»

«ዘጠና።»

«ጎበዝ» አልኳት። እኔም ብጠየቅ ዘጠና ነው የምለው።

«ሌላ ደግሞ አለ። አንድ ትምህርት ቤት አሥራ ዘጠኝ ክፍል አለው። በእያንዳንዱ ክፍል ሃምሳ ሁለት ተማሪ አለ። በጠቅላላው ስንት ተማሪ ገደማ ይኖራል?»

«እሺ?»

«ዘጠኝ መቶ።»

መንገዱ መሃል ቆምኩ። ከኋላዬ ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ «አንተ! ምን ይገትርሃል፣ ሐውልት ነህ?» ብሎ ጮኸብኝ። ጠጋ አልኩለት።

«ሃያ ጊዜ ሃምሳ አንድ ሺህ ነው» አልኳት። «መቶው የት ሄደ?»

«ለምራቂ።»

«ለተማሪ ምን ምራቂ አለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ከአሥር አንዱን ለምራቂ ተዪ ያልከኝ አንተ ነህ!»

ብያለሁ። ግምት የጀመሩ ሰሞን ደብተሯን ይዛ መጥታ «ስንት ገደማ ሲባል እንዴት ነው የሚሠራው?» ብላኝ ነበር። ጆንያ እየሰፋሁ ነበርና የማውቀውን ነገርኳት። እኛ ዘንድ አንድ ጣሳ ምስር ለገዛ ሰው ጣሳው ከተገለበጠ በኋላ በእጅ ተዘግኖ ይጨመርለታል። ያ ምራቂው ነው። ያልመረቀ ነጋዴ ጋ ደንበኛ ሁለተኛ አይመጣም። እፍኝ ትንሽ ትመስላለች፤ አሥር ጣሳ ከተሸጠ ግን አንድ ጣሳ ያህል በእፍኝ ሄዷል። ስለዚህ ቸርቻሪ መጥቶ «ይህ ጆንያ ስንት ጣሳ ይወጣዋል?» ቢለኝ መቶ ኪሎውን አይቼ ዘጠና እለዋለሁ። መቶ ያልኩት እንደሆነ ሰፍሮ ሲጎድልበት ተመልሶ ይጣላኛል። ለሀፍሷም ይህንኑ ነገርኳት። ጥያቄው የምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

«ሌላስ?» አልኳት።

«አውቶቡስ በሰዓት ሃምሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በአምስት ሰዓት ስንት ገደማ ይሄዳል? ሁለት መቶ ሰባ አልኩ።»

«ሦስት መቶ ነው! መንገድ ሲመረቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ልዩነት አለው አላልከኝማ።»

እውነቷን ነው። አላልኳትም። እዚያው ማስተማር ጀመርኩ። «ስሚኝ፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ምራቂ የለም። ቁጥሩን አጠጋጊው፣ አባዢው፣ የወጣውን እንዳለ ጻፊ። ምንም እንዳትቀንሺ።» እየሄድን አምስት ጥያቄ ፈጠርኩላት። ሁለቱን ሳተች፤ ሦስቱን አገኘች። በሩ ጋ ስንደርስ ሌላ ሦስት ጠየቅኳት፤ ሁሉንም መለሰች። ደስ አለኝ። ጉዳዩን ከመግባታችን በፊት የጨረስኩት መስሎኝ ነበር።

የመምህራን ማረፊያው አንድ ረጅም ጠረጴዛ ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። መምህር ማሙሸት ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው፤ የሹራቡ እጅጌ በጠመኔ ነጥቷል። ሙሉብርሃን ከእናቷ ከእትዬ እታለም ጋር ቀድማ ደርሳለች። እትዬ እታለም ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቀሚሳቸው ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ተለጣጥፏል።

«ወላጅ ነዎት?» አለኝ መምህሩ። ከዚያ በደንብ አየኝና «ምኗ ነህ?» አለ።

«ወንድሟ።»

«ምን?»

«ወንድሟ ነኝ።»

«ይኼ ደግሞ ራሱ ወላጅ አምጣ የሚባል አይደል እንዴ» አሉ እትዬ እታለም። «በሉ ቶሎ እንጨርስ፤ እኔ ሃያ ዩኒፎርም ጥዬ ነው የመጣሁት።»

መምህሩ ሁለቱን የፈተና ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረጋቸው። ዘጠና፣ ዘጠና። ዘጠኝ መቶ፣ ዘጠኝ መቶ። አምስት መቶ አርባ፣ አምስት መቶ አርባ። ሁለት መቶ ሰባ፣ ሁለት መቶ ሰባ። ሁለቱ ጥያቄዎች ላይ ብቻ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እነሱ ቁጥር ማጠጋጋት ብቻ ነበሩ። ስምንቱ ላይ ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ስህተታቸውም አንድ ነው።

«ሃምሳ ስምንት ተማሪ ይህን ፈተና ወስዷል» አለ መምህሩ። «የትምህርት ቤቱን ጥያቄ አብዛኛው ሺህ ብሏል። ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ያለም አለ፤ ተቀብየዋለሁ። ዘጠኝ መቶ ያሉት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።»

አልገባኝም። ሳላስበው «ግምት አይደለም እንዴ?» አልኩ።

«ነው።»

«ግምት ከሆነ እንዴት ስህተት ይሆናል?»

ፈገግ አለ። ይህን ጥያቄ ከተማሪዎቹም ሳይሰማው አይቀርም። «ግምት እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ መወርወር አይደለም። ተመልከት፤ ሲባዛ ትክክለኛው ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት ነው። ሺህ ያለው በአሥራ ሁለት ሳተ። ዘጠኝ መቶ ያለው በሰማንያ ስምንት ሳተ። እንዲህ የሚስት መንገድ እኔ አላስተማርኩም። ከእነዚህ ልጆች አንዷ ይህን ስህተት ከሆነ ቦታ አምጥታዋለች፤ ሌላዋ ቀድታለች።»

«የኔ ልጅ አንደኛ ናት» አሉ እትዬ እታለም። «አንደኛ የምትወጣ ልጅ ከአሥራ ዘጠነኛ ትኮርጃለች እንዴ? ዝናብ ከታች ወደ ላይ ዘንቦ ያውቃል?»

ሙሉብርሃን አንገቷን ደፋች። ሀፍሷ እኔን አየችኝ። እኔ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጠመኔ ካርቶን አየሁ።

«ለዚህ ነው አብራችሁ እንድትመጡ ያልኩት» አለ መምህሩ። «አዲስ ጥያቄ እሰጣቸዋለሁ። ያ ስህተት የማን እንደሆነ እዚሁ ይታያል።» አንዷን ወደ መስኮቱ፣ ሌላዋን ወደ በሩ አዞራቸውና ለእያንዳንዳቸው ቁራጭ ወረቀት ሰጣቸው። «አንድ መደርደሪያ ሠላሳ ዘጠኝ መጽሐፍ ይይዛል። ሃያ አንድ መደርደሪያ ስንት መጽሐፍ ገደማ ይይዛል?»

ሀፍሷ ጻፈች። እርሳሷ ትንሽ ቆም አለና እንደገና ሄደ። ወረቀቶቹ ሲገለበጡ ሁለቱም ላይ ስምንት መቶ ይላል።

ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። ስምንት መቶ! ሰባት መቶ ሃያ አላለችም! ጠዋት የነገርኳት ገብቷታል። ወደ መምህሩ ዞሬ ፊቱን ሳየው ግን ደስታዬ ባለበት ቀረ።

«ሁለቱም ያውቃሉ» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ጥሩ አይደለም?» አልኩ።

«ሁለቱም የሚያውቁ ከሆነ ስህተቱን ማን አመጣው? መለየት አልቻልኩም። እንግዲህ ለሁለቱም ዜሮ ነው። ስማቸውም ዝርዝሩ ላይ ይቆያል።»

ያኔ ነው ያደረግኩት ነገር የታየኝ። ያ ስህተት የሀፍሷ ብቻ ነበር። እሷን ከሌላው የሚለያት እሱ ነበር። እኔ ደግሞ አብነት ጋ እየሄድን አራግፌ ጣልኩት።

መናገር ነበረብኝ። የጠመኔውን ካርቶን እያየሁ «ስህተቱ የኔ ነው» አልኩ።

«አንተ ደግሞ ምን አገባህ?» አሉ እትዬ እታለም።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ከአሥር አንዱን ለምራቂ ተዪ ብዬ።»

መምህሩ ግራ ገባው። «ምራቂ? እናቴም ምራቂ ሳይጨመርላት ከገበያ አትመለስም። ከፈተናው ጋር ምን አገናኘው?»

ስለ ጣሳው፣ ስለ እፍኙ፣ ስለ ቸርቻሪዎቹ ነገርኩት። በቅደም ተከተል አልነበረም። መሃል ላይ ዘጠና ማለት ሲገባኝ መቶ አልኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስጨርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል።

እትዬ እታለም ቁራጩን ወረቀት አንስተው አዩት። «እሺ፣ ይሁን። ይህች ልጅ ምራቂ የምትቀንስ ከሆነ እዚህ ላይ የጻፈችው ስምንት መቶ ምራቂው የት ገባ? በላችው?»

«ጠዋት እኔ ነኝ ያስተውኳት።»

«የት?»

«መንገድ ላይ። አብነት ጋ።»

«አብነት ጋ ጠፋ በለኛ!» ብለው ሳቁ። መምህሩም አልቻለም፤ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ሀፍሷ ጫማዋን ታያለች። ጆሮዋ ቀልቷል።

«ወንድሜ» አለ መምህሩ ሳቁን ውጦ፤ «እህትህን ልታድናት እንደፈለግክ ይገባኛል። ግን አንተ ከምትለው በስተቀር ምንም ማስረጃ የለህም።»

እኔም የለኝም ብዬ ልነሳ ነበር። ሀፍሷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ስትነሳ አየኋትና በዝቅተኛ ድምፅ «ደብተሯን አርመውት ያውቃሉ?» አልኩ።

«የሁሉንም አርማለሁ።»

ሀፍሷ የሒሳብ ደብተሯን አወጣች። መምህሩ ግምት የተጀመረበትን ገጽ ገለጠ። ሰባት መልስ፣ ሰባት ቀይ ኤክስ። ከሥሩ በቀይ «ስሌትሽን አሳዪ» ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛውም ገጽ እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ሀፍሷ ስሌቷን አሳይታለች፤ 30 × 20 = 600፣ ቀጥሎ 600 − 60 = 540። ከጎኑ በቀይ እስክርቢቶ ጥያቄ አለ፤ «60 ከየት መጣ?»

መምህሩ የራሱን ጽሑፍ ረጅም ጊዜ አየው።

«ይህን ጠይቄሽ ነበር» አለ።

«አዎ ቲቸር።»

«ለምን አልመለስሽልኝም?»

«የጻፉት ደብተሬ ላይ ነው። እኔም ደብተሬ ላይ መልሻለሁ።» ጣቷን አሳየችው። ከቀዩ ጽሑፍ ሥር በእርሳስ፣ በጣም በደቃቁ «ከ600 ላይ» ይላል።

መምህሩ ግንባሩን አሸ፤ ቅንድቡ በጠመኔ ነጣ። «ሦስት ክፍል ነው የማስተምረው» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አልገባኝም። የሙሉብርሃንን ደብተር ጠየቀ። የእሷ ሁሉም ራይት ነው፤ አንድም ቦታ የቀነሰችው ነገር የለም።

እትዬ እታለም መሳቅ ትተዋል። የልጃቸውን የፈተና ወረቀት ከጠረጴዛው አነሱና ወደ መስኮቱ ሄደው ብርሃን ላይ ዘረጉት። የተፈታ ስፌት ላይ ሰፊዎች የሚያዩትን እኛ አናይም። «ና እስቲ መምህር» አሉ። «እዚህ ዘጠኝ መቶ ሥር ምን ይታያል?»

ሁላችንም ሄድን። ላጲስ የሄደበት ቦታ ሻክሯል። ከዘጠኝ መቶው ሥር 1000 በደንብ ይነበባል። ከዘጠናው ሥር 100። ከሁለት መቶ ሰባው ሥር 300።

«አንቺ ልጅ» አሉ እትዬ እታለም፤ ድምፃቸው ተለውጧል። «ልኩን ጽፈሽ ነበር?»

ሙሉብርሃን አለቀሰች።

«ልኩን አጥፍተሽ ስህተት ትኮርጃለሽ? ሰው ወርቅ ጥሎ ቆርቆሮ ይሰርቃል?»

«የመጀመሪያው የምስር ነበር» አለች እየተንሰቀሰቀች። «ሀፍሷ ዘጠና ስትጽፍ አየሁ። እሷ ምስር ትሸጣለች፤ እኔ አልሸጥም። እሷ ታውቃለች ብዬ አጠፋሁት። ከዚያ የመጀመሪያውን ከእሷ ካየሁ ሌሎቹም...» አልጨረሰችውም።

እኔ የማስበው ነገር ሁሉ ተዘበራረቀብኝ። የምታውቀው ልጅ ዕውቀቷን ለማታውቀው ስትል አጠፋች። የማታውቀው ደግሞ ያገኘችው ከእኔ ነው፤ እኔም ለሱቅ የሚሆን ነገር አውቃለሁ እንጂ ሒሳብ አላውቅም። ደግሞ ያ የምስሩ ነገር ከነከነኝ።

«ዘጠና ግን ልክ ነው» አልኩ።

«ምን?» አለ መምህሩ።

«የምስሩ ጥያቄ። ጆንያው የሚወጣው ዘጠና ጣሳ ነው። ሲሸጥ።»

«ጥያቄው ሲሸጥ አይልም።»

«ምስር አንድ ጆንያ ሙሉ ሌላ ምን ይደረጋል?»

«ይበላላ!» አሉ እትዬ እታለም፤ ከልቅሶው መሃል ሙሉብርሃን ሳታስበው ሳቀች።

መምህሩ አልሳቀም። እስክርቢቶውን አንስቶ የሀፍሷ ወረቀት ላይ ዜሮውን ሰረዘና 4 ብሎ ጻፈ። የምስሩ ጥያቄ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ኤክሱን ሊሰርዘው አለ፣ ተወው፣ እንደገና አየው። በመጨረሻ ከጎኑ ጥያቄ ምልክት አደረገበት። «ይህን ከሌሎች መምህራን ጋር እነጋገርበታለሁ» አለ። «ለጊዜው አራት ነው። አልኮረጅሽም።»

አራት ከሃያ። ሀፍሷ ወረቀቱን ሃያ እንዳገኘ ሰው በሁለት እጇ ተቀበለችው።

«የኔዋስ?» አሉ እትዬ እታለም።

«ኮርጃለች። ግን ልኩን ታውቃለች። ግን ኮርጃለች።» መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። «ዜሮ ነው መሰለኝ።»

«ስሙስ?» አልኩ እኔ። «የሰኞው?»

የዚህን ጊዜ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ። «ዝርዝሩን ትናንት ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ሰጥቻለሁ። ዛሬ ክፍለ ከተማ ስብሰባ ላይ ናቸው። ካገኘኋቸው የሀፍሷን ስም አስወጣለሁ።»

«ካላገኟቸውስ?»

«እሞክራለሁ ወንድሜ። ምን ልበልህ፣ እሞክራለሁ።»

ቅዳሜና እሁድ ሀፍሷ ደብተሯን ከቦርሳዋ አላወጣችም። እናቴ ውጤቱን ስትጠይቀኝ አልኮረጀችም አልኳት። ስንት አገኘች አለችኝ። አራት ስላት «አልኮረጀችም ማለት ይኼ ነው?» አለች፤ እኔም ይሁን አይሁን እርግጠኛ አልነበርኩም። ቅዳሜ አንዲት ቸርቻሪ ሽምብራ ልትወስድ መጥታ «ስንት ጣሳ ይወጣዋል?» ስትለኝ ዘጠና ልል አፌን ከፈትኩ፤ መምህሩ «በሰማንያ ስምንት ሳተ» ያለው ትዝ አለኝ። ሲሸጥ ነው ሳይሸጥ ብዬ ጠየቅኳት። ሴትየዋ «ሙናዊር፣ አሞሃል?» አለችኝ።

እሁድ ማታ ዩኒፎርሟን አላጠበችም። እናቴ አጠበችው።

ሰኞ ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ ወጣች፤ ልሸኝሽ ስላት እንቢ አለች። እኔ ግን ትንሽ ቆይቼ ተከተልኳት። ወደ ግቢው መግባት አልቻልኩም፤ ቢፈቀድልኝም አልገባም ነበር። አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው የተገናኘበት ቦታ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አገኘሁና ዓይኔን አስጠጋሁ። የሚታየኝ የባንዲራው እንጨትና የተማሪዎቹ ጀርባ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ሹራብ ለብሰዋል። ሀፍሷ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አልቻልኩም።

መዝሙሩ አለቀ። ምክትሉ ሜጋፎኑን አነሱ። ስለ ንጽሕና ተናገሩ፣ ስለ ምሳ ሰዓት ተናገሩ። ከኋላዬ ሚኒባሶች ይጮኻሉ፤ ረዳቶቹ «አብነት፣ አማኑኤል!» ይላሉ። ሜጋፎኑም ቃሉን ግማሹን ይበላዋል። ከዚያ «የሚከተሉት ተማሪዎች» የሚለውን ሰማሁ።

አንድ ስም ተጠራ፤ ወንድ ልጅ እየተጎተተ ወጣ። ሌላ ተጠራ። ሳቅ ተሰማ። ሦስተኛው ላይ «ሙሉ» ብለው ሲጀምሩ አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋና ቀሪው አልተሰማኝም። ባንዲራው ሥር የወጣችው ልጅ ፊቷን በእጇ ሸፍናለች፤ ሙሉብርሃን ትሁን ሌላ ልጅ አላወቅኩም። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ስም። ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩ፤ ቀዝቃዛ ነበር።

«ወደ ክፍላችሁ!» አሉ ምክትሉ።

ሰልፉ ተበተነ፤ ስማቸው የተጠራው ባንዲራው ሥር ቀሩ። ከተማሪዎቹ መሃል አንዷ ወደ ክፍሎቹ ከሚያወጣው ደረጃ ላይ ዘወር ብላ ወደ አጥሩ ተመለከተች። ሀፍሷ ነበረች። እጇን አላነሳችም፤ ቦርሳዋን አስተካከለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

ወደ ሱቅ ተመለስኩ። እናቴ ስንት ሰው ተጠራ ብላ ጠየቀችኝ። አምስት ይሁን ስድስት እርግጠኛ አይደለሁም አልኳት። የሀፍሷ ስም ግን አልነበረም።